የዳነችው ሴት ተረከዝ

ዓለምጸሐይ እግር አትወድም። የራሷንም፣ የሰውንም። ባሏ ታምሩ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሶ ካልሲውን በረንዳ ላይ ጣል ሲያደርግ ምሳዋ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል። አውቶቡስ ውስጥ ጫማውን ያወለቀ ሰው ካለ ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ነው የምትጓዘው። ታምሩ ሲያገባት ይህን ጠባይዋን አያውቅም ነበር፤ ካወቀ በኋላ ደግሞ ከትዳሩ አንቀጾች እንደ አንዱ ቆጥሮ ተቀበለው። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ከአንድ ተረከዝ ጋር ስትታገል ዓመት ሊሞላት የተቃረበው።

አሁን በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ መንደሯ ጠዋት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያያታል። የቤቷ ደጃፍ ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ በሩን በእጇ ይዛ፣ የግራ ተረከዟን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ታወርዳለች፤ ከዚያ መልሳ ታነሳለች። ልጆች ይስቁባታል። ባጃጅ ነጂዎች ጥሩምባ ይነፉላታል። ግድ የላትም። ግድ ይሰጣት የነበረበት ጊዜ ግን ነበር፤ ያ ጊዜ ትዝ ባላት ቁጥር የምትጸየፈው የማንንም እግር አይደለም፣ ራሷን ነው።

ነገሩ የጀመረው በስኳር ነው። ስኳሩ ገና አልያዛትም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ውጤቱን አየችና «እትዬ፣ ይሄ በሽታ ደጅዎ ቆሟል፤ ካልተንቀሳቀሱ ይገባል» አለቻት። ዓለምጸሐይ ዕድሜዋን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ወንበር ላይ የጨረሰች፣ በባጃጅ ሄዳ በባጃጅ የምትመለስ ሴት ናት። ስኳር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዓይኗ አይታለች፤ አጎቷን መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም ራሱን ወስዶታል። በዚያ ቤት የነበረው ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዋ አልወጣም። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ሸራ ጫማ ገዛች።

ብቻዋን አልጀመረችም። ሣራ የምትባል ጎረቤቷ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ አብራት ወጣች። ሣራ ስትራመድ ቦርሳዋን የነጠቃትን ሌባ የምታሳድድ ነው የምትመስለው። በሜዳው በኩል ቢዞሩ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ሣራ ግን ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት መረጠች፣ ዓለምጸሐይም ከሣራ ማነስ አልፈለገችም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ያንን ዳገት ጭነት መኪና እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ማለዳ ማለዳ ደግሞ የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ነው፤ ወንዶቹ አክታቸውን እየተፉ፣ ጎረምሶቹ ላባቸውን እያራገፉ፣ ዝንጀሮ የበተነው ቆሻሻ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተዝረክርኮ፣ የማንጎ ልጣጭ ላይ ዝንብ ሰፍሮ። ዓለምጸሐይ እየተጸየፈች ወጣች፣ እየተጸየፈች ወረደች። ቢሆንም ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፋ ሲል ደስ አላት። ያጠፋትም ደስታው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሣራ «እንጨምር» ባለቻት ቁጥር ጨመረች።

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉን ስትረግጥ ከግራ ተረከዟ በላይ ያለው ጅማት በመርፌ የተወጋ ያህል አመማት። ጥቂት ስትራመድ ተወት አደረጋት። ይለቀኛል ብላ ዳገቷን ወጣች። እንዲህ እያለች ሰነበተችና በኋላ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች።

ሆስፒታል ስትሄድ ሶፎንያስ የሚባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ላኳት። ልጁ በሌላ ከተማ ተምሮ እዚህ የተቀጠረ፣ ረጋ ያለ ነው። ባዶ እግሯን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጅማቱን በሁለት ጣቱ ጨመቀው። ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ከበዳት። ይህን የመሰለ የተማረ ልጅ በገዛ ፈቃዱ የሰው እግር ሲነካካ መዋሉ ገረማት፤ እጁን ሳይታጠብ እስክሪብቶ ሲያነሳ ደግሞ ሰቀጠጣት።

«አልተበጠሰም» አላት። «ተጎድቷል ግን። ሳያስለምዱት ብዙ ጫኑበት።»

«መርፌ አለው?»

«የለውም።»

«ክኒንስ?»

«ለጥቂት ቀን ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። ዋናው መድኃኒት ደረጃ ነው።» ተነስቶ የክፍሉ ደፍ ላይ አሳያት፤ በጣቶች መቆም፣ ተረከዙን ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ማንሳት። «ሲያወርዱ ትንሽ ያምዎታል፤ አይፍሩት። ሳያቋርጡ በየቀኑ ይሥሩ። ዳገትና ዝላይ ግን እንዳይሞክሩ። ወራት ይፈጃል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?»

ዓለምጸሐይ ካርድ አውጥታ ግማሽ ቀን የተሰለፈችው ለዚህ መሆኑ አናደዳት። ደረጃማ ቤቷም አለ።

በዚህ መሀል የታምሩ ታላቅ ወንድም ከምዕራብ ዓባያ የአዞ ስብ ነው ብሎ በሃይላንድ ጠርሙስ የሆነ ነገር ይዞላት መጣ። አዞ ይሁን የሞተ ዓሣ እግዜር ይወቅ። መልኩ ቢጫ፣ ግማሹ የረጋ፣ ግማሹ ውሃ ነው። ታምሩ እጅጌውን ሰብስቦ ተረከዟን አሻት። ቤቱ በአንዴ የዓባያ ሐይቅን ዳር፣ ያውም ዓሣ አጥማጆች ሆድ ዕቃ የሚጥሉበትን ቦታ ሸተተ። ድመቷ ከእግሯ ሥር አልነሳ አለች።

«ነገ አባ ኮዳ ጣሪያችን ላይ ቢያርፍ እንዳትደነግጪ» አላት ታምሩ፤ የዓሣ ጥራጊ የሚለቅመውን ያንን መላጣ ወፍ ማለቱ ነው። እሷ ባልዲ ፈልጋ አስመለሰች። ጠርሙሱንም ሽንት ቤት ደፋችው፤ ከዚያ በኋላ ምርጫ ስላልነበራት ደረጃው ላይ ቆመች።

ደረጃው፣ እየጠላችውም፣ ሠራላት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባሰባት እንጂ ለውጥ አላየችም፤ እየዋለ እያደረ ግን ጠዋት ጠዋት ግድግዳ መያዝ ተወች፣ ቀጥሎም ገበያ ደርሳ መምጣት ቻለች። ሶፎንያስ ጅማቱን ጨምቆ አያትና «መንገዱ ላይ ነን፤ እንዳያቋርጡ» አላት። «ዳነ» የተባለው እንግዲህ እዚህ ላይ፣ ሊድን ሲቃረብ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜ ነበር። ወንጌላዊ ገነነ የዋህ ሰው ነው፤ ሲጸልይ እንባው ይቀድመዋል። «የታመማችሁ ወደፊት ኑ» ሲል ዓለምጸሐይ አልተነሳችም፤ ሣራ ናት ብብቷን ይዛ ያስነሳቻት። እጅ ተጫነባት፣ ተጸለየላት፣ መዘምራኑ ዝግ አድርገው ዘመሩ። እሷም አለቀሰች። ስትጨርስ ተረከዟን መሬት ላይ ጫን አደረገችው፤ አላመማትም። ቅዳሜም አላመማትም። ቅዳሜ ግን ጉንፋን ይዟት ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የዋለችው፤ ይህን ያሰበችው በኋላ ነው።

እሁድ ሣራ ስሟን ለመድረክ መሪው አቀበለች። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የተፈወሰ ሰው ወጥቶ ይመሰክራል፤ እግሩ የተፈወሰ ደግሞ ይዘላል። ዝለል የሚለው የለም፤ ጉባኤው ግን ይጠብቃል። ዓለምጸሐይ ማይኩን ያዘች።

«ሐኪም ወራት ይፈጃል ያለኝን ጌታ በአንድ ቀን ጨረሰው» አለች። ስለ ደረጃው አላነሳችም። ልትደብቀው አስባ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ደረጃ የሚባል ነገር መኖሩን ረስታዋለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፣ ከበሮው ተመታ፣ እሷም ዘለለች። ደጋግማ ዘለለች። ከእናቷ ቤት ከወጣች ወዲህ ሰው እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ መታየቱ ጣማት።

ከመድረኩ ስትወርድ መጀመሪያ ያቀፈቻት ሊሻን ናት። ሊሻን ከደጋው ከኦቾሎ ወርዳ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትቸረችር፣ ከዓለምጸሐይ ቤት ጀርባ ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስኳር ከያዛት ዓመታት አልፈዋል፤ ክኒኗን በኪሷ ይዛ ነው የምትዞረው። አንገቷን አቅፋ አለቀሰችባት።

«ያንቺ ጌታ የእኔም ነው» አለቻት። «እኔም ዛሬ ፈውሴን በእምነት ተቀብያለሁ።»

ዓለምጸሐይ አሜን አለች። ሌላ ምን ይባላል።

ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ ወረደችና መልሳ ተቀመጠች። ጅማቱ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ብሶ ነበር። ታምሩ ሸሚዙን እየቆለፈ አያት፣ እግሯን አየ፣ ምንም ሳትነግረው ገባው።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ። «በአዞ ስብም አይታሽም።»

አልሳቀችም። ቶሎ ይለቀኛል፣ ለሰው ሳልናገር ያልፋል ብላ ተነሳች። አነከሰች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ሣራ ከአጥሩ ውጭ «እስቲ የተፈወሰችዋን እንያት!» ስትል ሰማች። ዓለምጸሐይ ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ብላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኖረችው ኑሮ ቅጥፈት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ የቢሮዋን በር ዘግታ ስትቀመጥ ተረከዟን ይዛ ታቃስታለች። ለማታውቃቸው ሰዎች «ያቺ የዳነችው» ተብላ ተዋወቀች። ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ከተማ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ ጀመረች፤ ምክንያቱም ጅማቱ ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ የሚወጣው የእርጥበት ሽታ የታምሩን ያስንቃል። ታምሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተናገራትም።

ደረጃዋን ልትቀጥል ሞክራ ነበር። የቤቷ ብቸኛ ደረጃ ደግሞ ወደ መንገድ ነው የሚያየው። አንድ ጠዋት ሣራ አየቻት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እንዲያው… እግሬን ላፍታታ ብዬ።»

«ጌታ የጨረሰውን ነው የምትጨርሺለት?» አለች ሣራ እየሳቀች። ክፋት የላትም፤ ሣራ የምታወራው ሁሉ እንዲሁ ነው። ዓለምጸሐይ ግን ከደረጃው ወረደች፣ ተመልሳም አልወጣችበትም። ሶፎንያስ ጋ የነበራትን ቀጠሮ አሳለፈችው። ሲደውልላት ስልኩን እያየችው ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

አንድ ቅዳሜ ሙዝ ልትገዛ ገበያ ወረደች። ሊሻን ሙዟ አጠገብ ተቀምጣ ለስላሳ መጠጥ በጠርሙሱ ትጠጣለች።

«እንዴ ሊሻን! ስኳርሽስ?»

«የምን ስኳር?» ሊሻን ከልቧ ሳቀች። «ተገላግያለሁ እኮ። ክኒኑን ጣልኩት። ካንቺ አይደል የተማርኩት?»

ዓለምጸሐይን የአጎቷ ቤት ሽታ እዚያው ገበያ መሀል መጣባት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ሊሻንዬ፣ መድኃኒትም እኮ ከእግዚአብሔር ነው። ጸሎቱንም ክኒኑንም አንድ ላይ ብታስኬጂው ምን ይልሻል?» አለቻት።

ሊሻን ጠርሙሱን አስቀመጠችና አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

«አንቺ ሁለቱንም አስኬድሽ?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አዎ ማለት ብቻ። ካጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ጆሮዋን ጥላለች። ዓለምጸሐይ የመድረኩን እልልታ አስታወሰች፣ የሣራን አፍ አስታወሰች።

«አይ» አለች። «የእኔ በጸሎት ብቻ ነው።»

ሊሻን ፊቷ በራ። ከመረጠችላት ሙዝ ላይ ሌላ ጨምራ መረቀችላት። ዓለምጸሐይ ዕቃዋን ይዛ ቀጥ ብላ፣ ሳታነክስ፣ ገበያውን ለቀቀች። ሙዙን ቤት ስታደርስ ማየት አስጠላት። ታምሩ ልጦ ሲበላ ፊቷን አዞረች፤ ከዚያም ሳያስበው ሁሉንም ነገረችው።

ታምሩ ሙዙን አስቀመጠው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለ። «አንቺ ግን የራስሽን ደብቀሽ ነው የሰው መድኃኒት ያስጣልሽው። ዛሬውኑ ሂጂና ንገሪያት።»

«ካልሲህን ከበረንዳው ላይ አንሳ» አለችው። ሊሻን ቤት ለመሄድ ነጠላዋን አንስታ ነበር፤ በሩ ጋ ደርሳ መልሳ ሰቀለችው። ነገ እላታለሁ አለች። በነጋታውም ነገ አለች። ሊሻን ጤነኛ መስላ ስትታይ ደግሞ ማን ያውቃል፣ ድና ይሆናል እያለች ራሷን አታለለች። ራሷን ተጸየፈች፤ መጸየፉ ግን እግሯን አንድ ጋት ወደ ሊሻን ቤት አላስነሳትም።

የጌታ እራት እሁድ ደረሰ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ከእራቱ በፊት ምዕመናን እግር ይተጣጠባሉ፤ ወንዶች በዋናው አዳራሽ፣ ሴቶች በጎኑ ባለው ክፍል፣ ሁለት ሁለት ሆነው። እግር የማትወደው ሴት ይህን እንዴት ትወጣው ነበር ቢባል፣ ከሣራ ጋር ውል አላት፤ ጣት ጣታቸው ላይ ጠብታ ውሃ ይረጫጩና ፎጣ ያቀባብላሉ። የዚያን ቀን ግን ሁለት ነገር ፈራች፤ መንካትንም መነካትንም። መቅረት አሰበች፤ የዳነች ሴት ከእግር አጠባ ብትቀር ምን ይሉኛል ብላ መጣች።

ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ሳፋዎች ተደርድረዋል። እርጥብ እግር፣ ሳሙናና የተጠራቀመ ትንፋሽ አንድ ላይ ይሸታል። ዓለምጸሐይ በአፏ እየተነፈሰች ወደ ሣራ ሄደች።

«እኔ ከሌላ ሰው ጋር ነኝ» አለች ሣራ ደስ ብሏት። «ሊሻን ካንቺ ጋር ልሁን አለችኝ። የምስክርነትሽ ፍሬ አይደለች? ለቀቅኩላት።»

ሊሻን ሳፋውን አዘጋጅታ ተንበርክካለች። ከስታለች፤ አንገቷ ቀጥኗል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዓለምጸሐይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሊሻን ካልሲዋን ራሷ አወለቀችላት፣ እግሯን ሁለት እጇን አድርጋ ውሃው ውስጥ አስገባች። እንደ ሣራ አይደለችም፤ ጣት በጣት፣ ውስጥ እግር፣ ቁርጭምጭሚት፣ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯ ጸሎት እያነበነበ ታጥባለች። ከዚያ ተረከዙን በመዳፏ ያዘችና ጫን አድርጋ አሸችው።

ዓለምጸሐይ እግሯን ነጥቃ አቃሰተች። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ሊሻን ቀና ብላ አየቻት። «አመመሽ?»

«ውሃው ነው። ቀዘቀዘኝ።»

ውሃው ለብ ያለ ነበር። ሊሻን ፎጣውን አንስታ እብጠቱ ላይ ስትደርስ እጇ ዝግ አለ፤ እንደሚተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ አደረቀችው።

ተራው ደረሰና ቦታ ተለዋወጡ። ዓለምጸሐይ ተንበረከከች፤ ስትንበረከክ ተረከዟ ሲሳብ ዓይኗ እንባ አዘለ። ሊሻን የቀኝ እግሯን ብቻ ወደ ሳፋው ዘረጋች። ግራውን ጫማውን እንዳደረገች ወንበሩ ሥር ደበቀችው።

«አንዱ ይበቃል» አለች። «አንቺም እግር እንደማትወጂ ሣራ ነግራኛለች።»

ዓለምጸሐይ ይሁን ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ሽታው የደረሳት። እስከዚያ የሳፋዎቹ ነበር የመሰላት። ከወንበሩ ሥር ነው የሚመጣው፤ ታውቀዋለች፤ የአጎቷ ቤት ሽታ ነው።

ጫማውን ይዛ ሳበችው። ሊሻን ልትከላከል ሞከረች፣ ቆይታ ተወች። ሁለት ካልሲ ደርባለች። የላይኛው ወጣ። የታችኛው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል፤ ዓለምጸሐይ ውሃ እያፈሰሰችበት በጣቷ ላጠችው። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ከሥሯ ያለው ቆዳ ተከፍቶ ውስጡ ግራጫና እርጥብ ነው። የበላችው ሁሉ እስከ ጥርሷ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው። እጇ የሊሻንን እግር እንደያዘ ነበር፤ ልቀቀው አላለችውም።

«ይሄ ምንድነው ሊሻን?»

«ሚስማር ነው መሰለኝ የወጋኝ። መቼ እንደወጋኝም አላውቅ።»

«አያምሽም?»

«ምንም» አለች ሊሻን። ድምፏ ውስጥ ኩራት ነበረበት። «ለዚህ እኮ ነው ያልፈራሁት። ቁስሉ ይዘገያል እንጂ ሕመም የለውም። አንቺስ ብትሆኚ መዳንሽን ያወቅሽው ሕመሙ ሲጠፋ አይደል?»

ዓለምጸሐይ ፎጣውን አነሳችና እግሩን ጠቀለለችው። ከዚያ ተነሳች፣ ሊሻንንም ብብቷን ይዛ አስነሳቻት። «ነይ» አለቻት። ባዶ እግሯን፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ ወደ በሩ ሄደች፤ መጀመሪያ እንደለመደችው ቀጥ ብላ ልትረግጥ ሞከረች፣ አልቻለችም። ተወችው። ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ዳሌዋ እየወደቀ እየተነሳ፣ በሴቶቹ መሀል አነከሰች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝማሬ ከወዲህ ከወዲያ እየቀነሰ ጠፋ። ሣራ እጇ ሳፋ ውስጥ እንዳለ አፏን ከፍታ አየቻት።

ወደ ዋናው አዳራሽ ሲወጡ ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ወንጌላዊ ገነነ ፎጣ እንደታጠቀ መጣ። «ምን ሆንሽ እህቴ? እግርሽ…»

«እኔ አልዳንኩም» አለች ዓለምጸሐይ። ማይክ አልነበራትም፤ መዝገብ ቤት ስም እንደምትጠራ ነው የተናገረችው። «እየዳንኩ ነበር፤ ዘልዬ አበላሸሁት። ዋሽቼ ነው የከረምኩት። እሷም አልዳነችም።»

ወንጌላዊ ገነነ የሊሻንን እግር አየ፣ ሽታውም ደረሰው። ፊቱ አመድ መሰለ። «መድኃኒት ጣሉ ብዬ አላስተማርኩም እኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አላልክም። ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ባጃጅ ጥሩልን።»

ፎጣውን እንደታጠቀ እሱ ራሱ ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዓለምጸሐይ የሊሻንን እግር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ፎጣውን ያለፈ እርጥበት ቀሚሷ ላይ ወጣ። ሽታው የባጃጁን ውስጥ ሞላው፤ ነጂው የጎኑን ሸራ ጠቀለለ። አቅለሸለሻት። እግሩ አይደለም ያቅለሸለሻት ብሎ መዋሸት አይቻልም፤ እግሩም ነው። ከእግሩ በላይ ግን የራሷ አፍ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ እስኪቃረቡ ሊሻን ከውጭ ያለውን መንገድ ስታይ ነበር። ሳትዞር ጠየቀቻት።

«ያን እሁድ ስትዘዪ፣ ያኔም ያምሽ ነበር?»

«ያን እሁድ አላመመኝም። እውነቴን ነው።»

«መቼ አመመሽ?»

«በማግስቱ። ሰኞ ጠዋት፣ ከአልጋዬ ስወርድ።»

ሊሻን ዞራ አየቻት።

«እኔ ክኒኑን የጣልኩት ማክሰኞ ነው» አለች።